አልዘጋ ያለው የኩልፎ ቦይ በርና የአንዲት ፊደል ጉዳይ

የኩልፎ ቦይ አውቶማቲክ በር ክትትል ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ሰኞ ሚያዝያ 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ቦታ፦ አርባ ምንጭ፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር፣ የሙዝ አምራቾች ማኅበር መጋዘን

ሰዓት፦ ጥሪው ለሁለት ሰዓት ነበር። ሊቀ መንበሩ የደረሱት በሦስት ሰዓት ስለሆነ ስብሰባው በሁለት ሰዓት እንደተጀመረ ተመዝግቧል።

የተገኙ አባላት
1. ጓድ አበጋዝ፣ ሊቀ መንበር
2. ጓድ ብዙነህ፣ የፕሮፓጋንዳ ጉዳይ ተጠሪ
3. ወ/ሮ ማሚቱ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ
4. ኢንጂነር ደግፌ፣ የበሩን ፕሮግራም የጻፉ
5. አቶ ኦይታ ዳና፣ የገበሬዎች ተወካይ፤ የሙዝ አትክልታቸው ከበሩ በታች ይገኛል

ድምፅ የማይሰጥ ጸሐፊ፦ ገብረእግዚአብሔር፣ ጡረተኛ መምህር

ያልተገኙ አባላት

ጓድ ወርቅአፈራሁ፦ ወደ ካምባ ከተዛወሩ ሰንብተዋል። ስማቸው ግን ገና አልተዛወረም።

አቶ አሸናፊ፣ የበሩ ጠባቂ፦ በሩን ትቼ አልመጣም ብለዋል። ኮሚቴው የተቋቋመው ለበሩ ስለሆነ ይህ በቂ ምክንያት ሆኖ አልተገኘም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባቱ አባላት አምስቱ ተገኝተዋል። ደንቡ የሚጠይቀውም አምስት ነው። አንድ ሰው ቢወጣ አይሞላም።

የመክፈቻ ሪፖርት

አቶ አሸናፊ ማለዳ የላኩት ቃል ተነቧል። "ውሃው ከምልክቱ በታች ነው" ይላል። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

የስብሰባው መነሻ

በበሩ አጠገብ የቆመው የብረት ሳጥን በውስጡ አንድ አነስተኛ ፕሮሰሰር አለው። ውሃው ላይ የምትንሳፈፈው ኳስ ከምልክቱ በላይ ስትወጣ ሳጥኑ ይህን አይቶ በሩን በሞተር መዝጋት አለበት። በግንባሩም መፈክር የሚታይባት ትንሽ መስኮት አለችው። ሁለቱንም ሥራ የሚያሠራው ኢንጂነር ደግፌ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፉት ፕሮግራም ነው። ያንን ፕሮግራም ኮምፓይለር የሚባል ተርጓሚ ፕሮሰሰሩ ወደሚያውቀው ቋንቋ ይለውጠዋል፤ ከዚያም በአንዲት ቺፕ ላይ ተጽፎ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል።

ሳጥኑ ከተተከለ ወዲህ በሩ እንደተከፈተ ነው። ቦዩ ሲጎድል ያስተዋለ አልነበረም። በደጋው ዝናብ ከጀመረ ወዲህ ግን ውሃው ወደ አቶ ኦይታ አትክልት መግባት ጀምሯል። ዓርብ ደግሞ የዓለም ወዝአደሮች ቀን ስለሚከበር እንግዶች በሩን ሊጎበኙ ይመጣሉ።

አጀንዳ
1. በሳጥኑ መስኮት ላይ የሚወጣው ያልተፈቀደ ቁጥር
2. የበሩ አለመዘጋት
3. ልዩ ልዩ

አቶ ኦይታ ሁለተኛው አጀንዳ አንደኛ እንዲሆን ጠይቀዋል። ምክንያታቸው ቃል በቃል እንዲህ ነው፦ "ላይ፣ ዶርዜ ጋ፣ ዝናብ ሌሊቱን አላቆመችም። ውሃ እየመጣች ነው። ቁጥር ትቆያለች፣ ውሃ አትቆይም።" ሊቀ መንበሩ አጀንዳው በካርቦን ተባዝቶ ስለተተየበ ቦታ ማቀያየር እንደማይቻል አስረድተዋል። ታልፏል።

አጀንዳ 1

ጓድ ብዙነህ እንዳስረዱት በመስኮቷ ላይ እንዲወጣ የተፈቀደው "የዘንድሮ እቅድ 100% ድል" የሚለው መፈክር ነው። ሳጥኑ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ በላቲን ፊደል ተጽፏል። ይሁን እንጂ ከመቶው ቀጥሎ ማንም ያላዘዘው ቁጥር ይወጣል። ዓርብ ዕለት ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ከክፍለ ሀገሩ ሕዝብ በለጠ። ጓድ ብዙነህ "የእቅዳችንን ውጤት ለዚህ ሳጥን ማን ነገረው?" ሲሉ ጠይቀዋል።

ኢንጂነር ደግፌ የነገረው ሰው እንደሌለ መልሰዋል። በሲ ቋንቋ ላይብረሪ የሚባል የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ስብስብ አለ። ከእነሱ አንዱ፣ ፕሪንትኤፍ የሚባለው፣ ጽሑፍ ያወጣል። ይህ ፈንክሽን በጽሑፍ መካከል የፐርሰንት ምልክት ሲያገኝ "እዚህ ላይ ቁጥር አስገባ" እንደተባለ ይቆጥረዋል። ቁጥር ካልሰጡት አልተሰጠኝም አይልም፤ ከማህደሩ እጁ የገባውን አንስቶ ይጽፋል።

ሊቀ መንበሩ ይህ አሠራር እንግዳ እንዳልሆነባቸው፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ በየክፍሉ የሚታይ መሆኑን ገልጸዋል። በኋላ ይህ አስተያየት እንዳይመዘገብ አሳስበዋል። ማሳሰቢያቸው ተመዝግቧል።

ኢንጂነር ደግፌ መፍትሔው ቀላል ነው ብለዋል። ምልክቱ በፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ በመስኮቷ ላይ አንዱ ብቻ ይታያል።

ጓድ ብዙነህ፦ "ሁለት ጽፈን አንድ ይታያል? አንዱ የት ገባ?"

ኢንጂነር ደግፌ፦ "ፈንክሽኑ ይበላዋል።"

ወ/ሮ ማሚቱ፦ "ይበላዋል ማለት ምን ማለት ነው ልጄ? እኔ ዘንድ ያለ ደረሰኝ የሚበላ ነገር የለም።"

ጓድ ብዙነህ በበኩላቸው ቅዳሜ የወጣው ቁጥር ደስ የሚያሰኝ እንደነበር አስታውሰው፣ ዓርብ ለእንግዶች እሱ እንዲወጣ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ኢንጂነር ደግፌ ዋስትና መስጠት እንደማይችሉ ተናግረዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የፐርሰንት ምልክት ሁለት ጊዜ እንዲጻፍ፣ የሚጠፋውም ምልክት በንብረት ክፍል በብክነት እንዲመዘገብ ተወስኗል።

በዚህ መካከል አቶ ኦይታ ውሃውን አይተው ለመመለስ ፈቃድ ጠይቀዋል። ሊቀ መንበሩ በደንቡ መሠረት አባል ስብሰባ አቋርጦ መውጣት የሚችለው ለሽንት ብቻ መሆኑን ነግረዋቸዋል። አቶ ኦይታ "እንግዲያው ሽንቴ መጣች" ብለው ወጥተዋል።

ምልዓተ ጉባኤው ስለጎደለ ውይይት ተደርጓል። ዱላቸው ወንበራቸው ላይ ተደግፎ ስለቆየ አቶ ኦይታ እንደተገኙ እንዲቆጠር ተወስኗል። ድምፅ ሲሰጥ ዱላው ተቃውሞ ስላላሰማ እንደደገፈ ተቆጥሯል።

አቶ ኦይታ እስከ ጉልበታቸው ርሰው ተመልሰዋል። የተወሰነው ሲነገራቸው "ዱላዬ እንዲህ አትልም" ሲሉ ቅሬታቸውን አሰምተዋል። ስለ ውሃው ሊናገሩ ሲጀምሩ የወጡበት ምክንያት ሌላ እንደነበረ ተነግሯቸው እንዲቀመጡ ተደርጓል።

አጀንዳ 2

ኢንጂነር ደግፌ የደረሱበትን አቅርበዋል። ያው ፕሮግራም በቢሯቸው ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር በትክክል ይሠራል። ኳሷን በጣታቸው ከፍ ሲያደርጓት ሞተሩ ይዞራል። በሩ ላይ ሲገባ ግን አይሠራም። ሽቦውን፣ ሞተሩንና ኳሷን አንድ በአንድ መርምረው ጤነኛ ሆነው አግኝተዋቸዋል። በመጨረሻ የተገኘው ልዩነት አንድ ነው። ቺፑ ላይ የሚጻፈው ሲዘጋጅ ኮምፓይለሩን በሚያዝዙበት መስመር ላይ አንዲት ፊደል፣ ኦ፣ ታክላለች። ያቺ ፊደል "ፕሮግራሙን አሳጥር፣ አላስፈላጊ ድካም አስወግድ" የምትል ምርጫ ናት። ጠረጴዛው ላይ ሲሞክሩ አላካተቷትም ነበር።

ሊቀ መንበሩ ድካም ማስወገድ እንዴት ጥፋት እንደሚሆን ጠይቀዋል።

ኢንጂነር ደግፌ፦ "ፕሮግራሙ ኳሷን ደጋግሞ እንዲጠይቅ ነው የጻፍኩት። ውሃው ደረሰ? ደረሰ? እያለ። ኮምፓይለሩ ግን ከላይ እስከ ታች አነበበና ይህን መልስ የሚለውጥ አንድም መስመር አጣ። እውነቱን ነው፣ የሚለውጠው ውሃው ነው፤ ውሃው ደግሞ ፕሮግራሙ ውስጥ የለም። ስለዚህ አንዴ መጠየቅ ይበቃል ብሎ ወሰነ። ሳጥኑ የተከፈተ ዕለት አንዴ ጠየቀ፣ 'አልደረሰም' ተባለ። ከዚያ ወዲህ በዚያች መልስ ነው የሚኖረው።"

አቶ ኦይታ፦ "ይቺ ሳጥን ታዲያ ቀና ብላ አታይም?"

ኢንጂነር ደግፌ፦ "አታይም፣ አባባ።"

ሊቀ መንበሩ አንዴ የተጠየቀና የተመለሰ ጉዳይ ደግሞ አለመጠየቅ የሥራ ዲሲፕሊን መሆኑን ገልጸው፣ ኮምፓይለሩን ለመውቀስ እንደሚቸገሩ ተናግረዋል።

ጓድ ብዙነህ ኮምፓይለሩ የየት አገር ሥሪት እንደሆነ ጠይቀዋል። ሳጥኑ ከወዳጅ አገር፣ ኮምፓይለሩ ግን ከምዕራብ የመጣ መሆኑ ተነግሯቸዋል። ጓድ ብዙነህ "አሻጥር ነው ወይስ አይደለም? በአንድ ቃል መልስ" ብለዋል። ኢንጂነር ደግፌ ኮምፓይለሩ የታዘዘውን ብቻ እንደፈጸመ መልሰዋል። ጓድ ብዙነህ ይህ ከአንድ ቃል በላይ መሆኑን አስመዝግበዋል። ኮምፓይለሩ ግለሂስ እንዲያቀርብም ሐሳብ አቅርበዋል። አንደበት ስለሌለው ኢንጂነሩ ይወክሉት አይወክሉት በሚለው ላይ፣ ኢንጂነሩ ራሳቸው ድምፅ ስላልሰጡ ድምፁ እኩል ለእኩል ተከፍሎ፣ ዱላው ሳይጠየቅ ታልፏል።

ሊቀ መንበሩ ፊደሏን ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ኢንጂነር ደግፌ ፊደሏ ከወጣች ፕሮግራሙ ረዝሞ ቺፑ ላይ እንደማይበቃ አስረድተዋል። ቦታውን የያዘው የበሩ ሥራ አይደለም፤ ፕሪንትኤፍ ነው። አንድ መፈክር እንዲያወጣ ሲጠራ ከነቤተዘመዱ ይመጣል፤ ክፍልፋይ የሚጽፈው፣ ቁጥር የሚደረድረው፣ ቦታ የሚለካው ሁሉ ተከትሎት ይገባል። በእሱ ፋንታ ፑትስ የሚባል ጽሑፍ ብቻ የሚያወጣ ትንሽ ፈንክሽን ከተተካ ቦታ ይተርፋል። ያን ጊዜ ፊደሏ ትወጣለች፤ በሩም ይዘጋል። ፑትስ የፐርሰንት ምልክትንም እንዳለ ስለሚያወጣ ቁጥሩም ይጠፋል። የሚለወጠው አንድ መስመርና አንዲት ፊደል ነው። አሁን ቢፈቀድላቸው ከምሳ በፊት ቺፑን ጽፈው እንደሚያደርሱ አረጋግጠዋል።

አቶ ኦይታ ተነስተው ኢንጂነሩን መርቀዋል። ምርቃቱ በጋሞኛ ስለሆነ አልተመዘገበም።

የሚከተሉት ተቃውሞዎች ቀርበዋል።

ወ/ሮ ማሚቱ በአጀንዳ 1 ብክነት እንዲመዘገብ ተወስኖ ቁጥር እንደተሰጠው ገልጸዋል። አሁን ምልክቱ የማይጠፋ ከሆነ የሌለ ብክነት መዝገብ ላይ ይቀራል።

ጓድ ብዙነህ መፈክሩ የጸደቀው በፕሪንትኤፍ እንዲወጣ ሆኖ እንደነበር አስታውሰዋል። "መፈክር ከትልቅ ፈንክሽን ወደ ትንሽ ፈንክሽን ወረደ ብለን ለበላይ አካል እንጻፍ?" ብለዋል።

ሊቀ መንበሩ ከሁሉም የከበደውን አንስተዋል። በዚያች ፊደል የተገኘው የቦታ ቁጠባ በቁጠባ ዘመቻው ሪፖርት ላይ ገብቶ ኮሚቴው ተመስግኗል። ፊደሏ ከወጣች ምስጋናው ምን ይሆናል?

አቶ ኦይታ የእጅ መዘውሩ እንዲሰጣቸውና አሸናፊ በሩን አዙሮ እንዲዘጋው ጠይቀዋል። ወ/ሮ ማሚቱ መዘውሩ በንብረት ክፍል ተቆልፎ እንደሚገኝ አረጋግጠዋል። በሩ አውቶማቲክ ሲሆን ለአንድ በር ሁለት መዝጊያ መያዝ ስለማይቻል ተመላሽ ተደርጓል። ሊወጣ የሚችለው ያስረከበው ሰው ራሱ መጥቶ ሲፈርም ነው። ያስረከቡት አቶ አሸናፊ ናቸው።

አቶ ኦይታ፦ "አሸናፊ ከበሩ ከመጣ በሩ ጋ ማን ይቆማል?"

ወ/ሮ ማሚቱ፦ "እሱ የኔ ክፍል አይደለም፣ አያ ኦይታ። ሙዞት ሙዜ ነው፣ ግን እኔም ኦዲት አለብኝ።"

በዚህ ጊዜ አቶ ኦይታ የሚከተለውን ተናግረዋል፦ "እኛ ጋ፣ ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ይማከራል። ድንበር ከሆነ ነገሩ ግን ተቀምጦ አይጨርስም። ይነሳል፣ ሁሉም ሄዶ ድንበር ላይ ይቆማል፣ እግሩ አፈሯን ይነካል፣ ከዚያ ይናገራል። ተነሱ። እዚህ ቅርብ ነው። ሄዳችሁ ቁሙ፣ እዩ፣ ከዚያ ያላችሁትን እሺ እላለሁ።"

ሊቀ መንበሩ ሐሳቡን ለውይይት አቅርበዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ውሃው ከምልክቱ በታች መሆኑ በመክፈቻው ላይ በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ስለሆነ፣ ከዚያም ወዲህ ይህን የሚለውጥ ሐሳብ በየትኛውም አባል ቀርቦ ስላልጸደቀ፣ ሄዶ ማየት እንደማያስፈልግ ተወስኗል።

ኢንጂነር ደግፌ አቀርቅረው ስቀዋል። ምክንያቱን ሲጠየቁ ቴክኒካዊ ነው ብለዋል።

አቶ ኦይታ "ኢንጂነር፣ ቆንጨራ መያዝ ትችላለህ?" ብለው ጠይቀዋል። ኢንጂነር ደግፌ ሞክረው እንደማያውቁ መልሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው ከወንበራቸው ሥር አስቀምጠው ተከትለዋቸው ወጥተዋል። ማብራሪያቸው ገና በውይይት ላይ ስለሆነ እንደተገኙ ተቆጥረዋል። አቶ ኦይታ በዚህ ጊዜ ዱላቸውን ይዘው ስለሄዱ፣ ወንበሩ ራሱ ለጊዜው እንዲወክላቸው ተፈቅዷል።

በሌሉበት በአጀንዳ 2 ላይ የሚከተለው ተወስኗል፦ ፊደሏ ባለችበት ትቆይ። ፑትስ ይጠና። የኮምፓይለሩ ጉዳይ ለሚመለከተው ይተላለፍ። ውሃው እስከዚያው ከምልክቱ በታች ሆኖ ይቆይ።

አጀንዳ 3፣ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ማሚቱ እግራቸውን ወንበር ላይ አውጥተው የመጋዘኑ ወለል መርጠቡን አመልክተዋል። ጓድ ብዙነህ ከመጋዘኑ በር ሥር የሚገባ ውሃ መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ እሳቸውም ወንበር ላይ ቆመዋል። ሊቀ መንበሩ አባላት ቆመው ሐሳብ መስጠት እንደሚችሉ ፈቅደዋል። ወለሉ እንደማንኛውም እርጥበት ታይቶ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት እንዲተላለፍ ሲወሰን፣ ውሃው መቀነስ ጀምሯል። ጥቂት ቆይቶም ጨርሶ ቆሟል።

ሊቀ መንበሩ የቦዩ በር በራሱ እንደተዘጋ፣ ይህም የሳጥኑን ብቃት እንደሚያሳይ ተናግረዋል። ጭብጨባ ተደርጓል።

አቶ ኦይታና ኢንጂነር ደግፌ እስከ ወገባቸው በጭቃ ተለውሰው ተመልሰዋል። በሩ አለመዘጋቱን ሪፖርት አድርገዋል። የተዘጋው ቦዩ ነው። አቶ ኦይታ፣ አቶ አሸናፊ፣ ኢንጂነሩና የጎረቤት ገበሬዎች ሆነው ከበሩ በታች ድንጋይና የሙዝ ግንድ ደርድረው በጭቃ ደፍነውታል። ግንዱ ከየት እንደመጣ ወ/ሮ ማሚቱ ጠይቀዋል። አቶ ኦይታ ከራሳቸው አትክልት፣ ከቦዩ ዳር ያለውን የመጀመሪያ ረድፍ እንደቆረጡ ተናግረዋል። ፍሬ የያዘ ነበር። የቀረው ሙዛቸው ተርፏል።

ጓድ ብዙነህ፦ "በማን ፈቃድ?"

አቶ ኦይታ፦ "በሙዟ።"

ጓድ ብዙነህ ቦዩ ባልጸደቀ ማቴሪያል መዘጋቱ ለእንግዶች ምን ተብሎ እንደሚገለጽ ስጋታቸውን አቅርበዋል። ሊቀ መንበሩም ነገሩ መወሳሰቡን ተገንዝበው፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ከተደረገው ጋር፣ የተደረገውም ከተወሰነው ጋር ስለማይጣጣም ጉዳዩ ከሥሩ መፈታት እንዳለበት አሳስበዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሦስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ ተወስኗል፦ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ስብሰባው ከተከፈተ ወዲህ የተደረገ ማናቸውም ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ወ/ሮ ማሚቱ ይህ ድንጋዩንና ግንዱን ይጨምር እንደሆነ ማብራሪያ ጠይቀዋል። እንደሚጨምር ተገልጿል። በዚሁ መሠረት ድንጋዩ እንዲነሳ፣ የተቆረጡትም የሙዝ ግንዶች በቀድሞ ቦታቸው ቆመው ወደ ነበሩበት ሁኔታ እንዲመለሱ ታዟል። አፈጻጸሙን አቶ ኦይታ እንዲከታተሉ ተጠቁመዋል።

አቶ ኦይታ የሚከተለውን መልሰዋል፦ "እሺ። እጁን ያወጣ ሰው ይምጣ። ግንዷን እሱ ይዞ ያቁማት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ 'እባክሽ ብቀዪ' እላታለሁ።"

ሊቀ መንበሩ ከደጋፊዎቹ መካከል ለአፈጻጸሙ ፈቃደኛ የሆነ እጁን እንዲያወጣ ጠይቀዋል። እጅ አልወጣም። ጥያቄው በድጋሚ ቀርቧል። ወ/ሮ ማሚቱ ጥያቄው አንዴ መቅረቡ እንደሚበቃ አሳስበዋል። አስፈጻሚ እስኪገኝ ድረስ ውሳኔው በመዝገብ፣ ድንጋዩና ግንዱ ባሉበት እንዲቆዩ ሆኗል።

ስብሰባው በሰባት ሰዓት ተበትኗል። አባላት ፈርመዋል። አቶ ኦይታ እስክሪብቶ ሲሰጣቸው እጃቸውን አይተው አልተቀበሉም፤ በአውራ ጣታቸው ጭቃ አትመዋል። ጭቃው እንደ ቀለም ተቆጥሮ ተቀባይነት አግኝቷል።